ሁለቱ አራት ሰዓቶች

ሰኞ 3

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ግድግዳ ይዤ መጸዳጃ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ፤ ማንም ክንዴን እንዲይዘኝ አልፈልግም። የሸሚዝ ቁልፍ እቆልፋለሁ፣ የላይኛው ብቻ ያስቸግረኛል። ሜትር ላይ ያለ ቁጥር ያለ መነጽር አያለሁ። ጽሑፍ ግን በመነጽርም ቀስ ብዬ ነው። እሱ ደግሞ ከእርጅና አይደለም፣ ድሮም እንዲሁ ነኝ።

ይህን ደብተር ያመጣችው ልጄ ናት። አስተማሪ ናት፤ ቤቷ ደብተር ሞልቷል። «አባዬ፣ መናገር ካልፈለግክ ጻፈው» አለችኝ። ምኑን አልኳት። «የሚያምህን።» የሚያመኝ ነገር የለም። ቢሆንም በአናጢ እርሳሴ እየጻፍኩ ነው፤ እስክሪብቶ እጄ ላይ ይጠፋል።

ስድስተኛው አልጋ ላይ ነኝ። ክፍሉ ስምንት አልጋ አለው። የእኔ አልጋ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አስገባሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ወለሉን ይፍቃል። የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ላልቶ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ሃምሳ ዓመት በርና መስኮት ሠርቶ እዚህ ተጋድሞ ይህን ድምፅ መስማት ከሆዴ እብጠት ይብሳል።

ነርሷ መጣች። «አባባ፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?»

«በምንድን ነው የሚለካው?»

«በእርስዎ ነዋ።»

«ዜሮ» አልኩ።

ጻፈችው። ትንሽ አይታኝ ሄደች። ሰባት ነበር።

ማክሰኞ 4

አምስተኛው አልጋ ላይ ያለው ሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ካንሰሩ የጀርባው አጥንት ውስጥ ገብቷል። ሲያገላብጡት ይጮኻል፣ ሲተውት ይቀልዳል። ሥራዬን ጠይቆኝ አናጢ ነኝ ስለው፣ «እንግዲያስ አንተ ግንዱ ነህ፤ የሚጠርብህ ጠፍቶ ነው እዚህ የጋደምከው» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግንዱ ሆኜ ቀረሁ።

ዛሬ ሐኪሞቹ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ እንጀምርለት አሉ። ሞርፊን የሚሉትን። ሚስቱ ደነገጠች። ሐኪሞቹ ሲወጡ ወደ እኔ መጣች። ሽማግሌ ስለሆንኩ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለሚሞት ሰው ነው የሚሰጠው ይላሉ። እርስዎ ያውቁታል?»

አውቀዋለሁ አልኳት። ሚስቴ ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ ስትሞት በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሃምሳ ሦስት ቀን። «ምንም አልፈየደላትም። መራራ ውሃ ነው። ሰውን የሚያቆመው የራሱ ወኔ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከሰዓት በኋላ ለነርሷ «አንፈልግም፣ ይቅርብን» ስትላት ሰማሁ።

ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ከታመምኩ ወዲህ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሐሙስ 6

ሾፌሩ ሲያቃስት አደረ። ፎጣ ነክሶ ነው የሚያቃስተው፣ ሰው እንዳይረብሽ።

ልጄ መጥታ እኔ የሌለሁ ይመስል ለነርሷ ታወራላታለች። «አባዬ እኮ እናቴን ብቻውን ነው ያስታመማት። አራት ሰዓት ሲል ማንኪያው እጁ ላይ ነው። ጠዋት አራት፣ ማታ አራት። አንድ ደቂቃ አያሳልፍም።»

«ማታ አራት?» አለች ነርሷ።

«አዎ፣ በሁለቱም።»

ነርሷ ሌላ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ከሦስተኛው አልጋ ተጠራች።

እውነቷን ነው። ሰዓት አላሳለፍኩም።

ዓርብ 7

ሌሊት ጮኸሃል አሉኝ። አላስታውስም። ነርሷ ደውላላት ልጄ ትምህርት ቤቷን ትታ መጣች። ጣቷ ላይ ጠመኔ ነበር።

«ሽሮፑን ውሰድ አባዬ። ለእኔ ስትል።»

«ለእናትሽ ያልሆነ ለእኔ ሊሆን ነው?»

«እናቴ የለችም። አንተ አለህ።»

ወሰድኩ። ለካ እንዲህ ነው የሚመረው። ሚስቴ ይመራል ስትለኝ ሰምቼ ነው እንጂ ሃምሳ ሦስት ቀን ሙሉ ስሰጣት አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም።

ያኔ ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ሆዴ ውስጥ የነበረው ብሎን ቀስ እያለ ላላ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ነርሷ ደግማ ማንኪያ ይዛ ቆማለች። ተሳሳተች አልኩ።

«ልጄ፣ ሰጥተሽኛል እኮ። በአራት ሰዓት ሰጥተሽኛል።»

«አውቃለሁ አባባ። አሁን ስምንት ሰዓት ነው። በየአራት ሰዓቱ ነው የሚወስዱት።»

«በአራት ሰዓት።»

«በየአራት። አራት ሰዓት በቆየ ቁጥር። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት። ማታም እንደዚያው። በቀን ስድስት ጊዜ።»

ጠጣሁት።

ዛሬ ይበቃኛል።

እሑድ 9

ያኔ የሰጡን ሌላ መድኃኒት ይሆናል። መድኃኒት ይለዋወጣል።

ሁለት ቀን ደህና ተኛሁ።

ሰኞ 10

ነርሷን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኋት። ይሄ ሽሮፕ ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ነው የለወጣችሁት?

«ድሮም ያው ነው። አራት ሰዓት ሲሞላ ጉልበቱ ያልቃል፣ ሕመሙ ይመለሳል።»

«ካልደገሙትስ?»

«ሰውየው ይሰቃያላ። ለምን ጠየቁኝ?»

«ለማወቅ ያህል።»

ልጄን የድሮውን የእናትሽን የመድኃኒት ጠርሙስ አምጪልኝ አልኳት። መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ የመሣሪያ ዘይት አድርጌበት ነበር። «ዘይት እዚህ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ለበሩ ማጠፊያ አልኳት። ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ረቡዕ 12

ጠርሙሱ መጣ። ልጄ እስክትሄድ ትራስ ሥር አቆየሁት። ከዚያ መነጽሬን አደረግሁ።

ወረቀቱን ዘይት ነክቶታል፣ ጽሑፉ ግን አልደበዘዘም። ደብዝዞ ቢሆን ምን ነበር። ሚስቴ እንዳስተማረችኝ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። በ። ከዚያ የ። ከዚያ 4።

«የ» አለች። ያኔም ነበረች።

ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔ ቁጥር ሲፈልግ ነው የኖረው። ፊደል ለእኔ ቁጥሩን የከበበ ጉድፍ ነው። 4 አየሁና በአራት ሰዓት አልኩ። ከዚያ ብልህ ሆንኩ፤ በቀን ሁለት አራት ሰዓት አለ፣ የጠዋትና የማታ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ነው አልኩ። ሁለቱንም ሰጠኋት። ከስድስቱ ሁለቱን። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ እያልኩ ስንቱን የእጅ ሥራ ተማሪ ስቆጣ የኖርኩ ሰው።

ታች መድኃኒት ክፍል ጠርሙሱን የሰጠችን ሴት «እንዴት እንደሚሰጡ ልንገርዎት» ብላኝ ነበር። ወረፋ የያዘ ሰው ከኋላዬ ቆሟል። ከእጇ ቀማኋትና «አነባለሁ» አልኩ። ቤት መጥተን እንያት ሲሉም አያስፈልግም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ «አራት ሰዓት ደረሰ?» ትለኛለች። «ገና ነው፣ ቻይው» እላታለሁ። በየቀኑ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ስትሞት ጠርሙሱ አላለቀም ነበር። ጠንካራ ነበረች፣ መድኃኒቱን እንኳን አልጨረሰችውም ብዬ ለለቀስተኛ አውርቻለሁ።

ሐሙስ 13

ሾፌሩ፦ «ግንዱ፣ ፊትህ ለመለመ። ደረቅ ግንድ ሲያቆጠቁጥ ዛሬ ማየቴ ነው። ምን እያጠጡህ ነው?»

«እንቅልፍ ነው» አልኩት።

«እንቅልፍ በማንኪያ ይሰጣል እንዴ?»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

መናገር እችል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አንዱን ከተናገርኩ ሌላው ይከተላል፣ ልጄ ጆሮ ይደርሳል።

ዓርብ 14

ከዛሬ ጀምሮ የምወስደው በሁለቱ አራት ሰዓቶች ብቻ ነው። ሌላውን ነርሷ ዞር ስትል ፎጣ ላይ እተፋዋለሁ። ሚስቴ ሃምሳ ሦስት ቀን ችላለች። እኔ ወንድ ነኝ።

ቅዳሜ 15

ዘጠኝ ሰዓት። ገና ነው።

አሥር። ገና።

እጄ አልጽፍ አለ። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል ብዬ የሰባተኛውን አልጋ ሰው ጠየቅሁት። አልቆመም አለኝ።

«ገና» ለሚላት አጭር ናት።

እሑድ 16

ሃምሳ ሦስት ቀን ብዬ አንድ ቀን ተኩል ቻልኩ። ነርሷ ፎጣውን አየችው።

«አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ዜሮ ነው።»

«ዜሮ ጥርስ አያፋጭም። የእርስዎ ጥርስ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይሰማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

እስክውጠው ድረስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ እንደ ሕፃን አፌን አስከፍታ አየች። እኔ አፌን ከፈትኩላት።

ማታ ልጄ ኮሪደር ላይ ከሐኪሙ ጋር ስታወራ ሰማሁ። በሩ ስለማይገጥም ሁሉ ይሰማል። «ለእሱ አትንገሩት እባካችሁ። ሳምንታት ነው የቀሩት የሚለውን አይስማ።» ፊቷን ጠራርጋ ገባችና ሳቀችልኝ። እኔም ሳቅሁላት። እሷም ደብቃ እኔም ደብቄ ብርቱካን ስንልጥ አመሸን። «እናቴ ብትኖር እንዲህ ስታስቸግር ጉድህን ታይ ነበር» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ሰኞ 17

ዝናብ። ሾፌሩ ዛሬ አልቀለደም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ሚስቱን ስንት ሰዓት ነው አላት። ነገረችው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቃት። ምን ይጠብቃል? የሚሰጠው ነገር የለ፣ እኔ አስቀርቼበታለሁ። ዝም ብሎ ሰዓት ይጠይቃል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያለው ሰው እንጨት አያውቅም። ነቀዝ ከውስጥ ነው የሚጀምረው፣ ድምፅ ሳያሰማ። በሩ ቀለሙ አምሮ ቆሞ ታየዋለህ፤ በጣትህ ስትነካው ዱቄት ነው።

ማክሰኞ 18

ነገርኳት።

የሾፌሩን ሚስት መታጠቢያው ጋ ፎጣውን ስታጥብ አገኘኋት። ግድግዳውን ይዤ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ነበርና እስኪመለስልኝ ጠበቀችኝ። ወንበር ላምጣልዎት አለች። እንቢ አልኩ።

«እህቴ፣ ስለ ሽሮፑ የነገርኩሽ ስህተት ነው።»

«የቱ ሽሮፕ?»

«ባልሽ እንዳይወስድ ያልኩሽ። ይሠራል። እኔም እየወሰድኩት ነው።»

ውሃውን ዘጋች። «ለባለቤትዎ አልፈየደላትም አላሉኝም?»

«በትክክል አልሰጠኋትም። በየአራት ሰዓቱ ይላል። እኔ በአራት ሰዓት ብዬ አነበብኩት።»

አልገባትም። ጠርሙሱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት።

«እኔ ማንበብ አልችልም ጋሼ» አለች። ሳታፍር፣ ክብሪት የለኝም እንደሚል ሰው። ይህን ቃል እኔ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

በጣቴ እያሳየሁ ነገርኳት። ስድስቱን ሰዓት ቆጠርኩላት፣ እኔ የሰጠሁትን ሁለቱን ቆጠርኩላት።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«የትኛው ቀን?»

«ዓርብ። ያለፈው አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው።»

በጣቷ ቆጠረች። «አሥራ አንድ ቀን» አለች። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ይሄን ፎጣ አጥቤአለሁ። እርስዎ ከጎኑ ተኝተው ይሰሙታል።»

«እሰማዋለሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ፎጣውን መታጠቢያው ላይ ትታ ነርሷን ልትጠራ ሄደች። እኔ ጨምቄ አሰጣሁት።

ሐሙስ 20

ሾፌሩ ተኝቷል። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ሰባተኛው አልጋ ሲያማርር ሚስቱ «ያንኮራፋ፣ ተወው» አለችው።

እኔን ሰላም አትለኝም።

ቅዳሜ 22

ሾፌሩ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ሾርባ ጠጣ። ሚስቱ ነግራዋለች።

«ግንዱ» አለኝ፣ «ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ምልክት ሳላነብ አልፌ ከነጭነቴ ድልድይ ሥር ተቀርቅሬአለሁ። ወዲያው ወርጄ ሰው ጠራሁ። አንተ ግን ካወቅከውም በኋላ አሥራ አንድ ቀን ነዳህ።»

ብርቱካኔን አንስቼ መላጥ ጀመርኩ።

«ይብላኝ ለሚስትህ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «በል ከዚያ ብርቱካንህ አካፍለኝ።»

አካፈልኩት። እሱ ወደ መስኮቱ እያየ በላ።

ሰኞ 24

ሾፌሩ ነገ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሊድን እንዳልሆነ ያውቃል። «የመጨረሻው ማቆሚያ ጋራዥ አይሁን፣ ቤቴ ይሁን» ይላል። ጠርሙስ ሰጧቸው። ነርሷ ለሚስቱ ሁለቴ አስረዳቻት። ሴትዮዋ አዳመጠች፣ ከዚያ ጠርሙሱን ይዛ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ከማክሰኞ ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አናጢ አይደሉ? ፊደል የማይፈልግ ምልክት ይሥሩልኝ።»

«ሰዓት ታያለሽ?»

«ሰዓትማ አያለሁ።»

አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን አወጣሁ። በእርሳሴ ስድስት ክብ ሠራሁ፣ በጠርሙስ ክዳን እየለካሁ። እያንዳንዱ ላይ የሰዓት ጣቶቹን አደረግሁ። ከሦስቱ በላይ ፀሐይ፣ ከሦስቱ በላይ ጨረቃ። ጨረቃዋ አላማረችም። እሷ ጣቷን እያስኬደች አንድ በአንድ ነገረችኝ። አንድም አልሳተችም። ነርሷ አየችውና ለሌሎቹም ሥሩልኝ አለች። እስከ ምሳ አራት ሠራሁ።

ሴትዮዋ አላመሰገነችኝም። ካርቶኑን ከልብሷ ሥር ከተተችና «ይማርዎት ጋሼ» አለች። ጋሼ አለችኝ።

አልጋዬ እንደገና ይወዛወዛል።

ረቡዕ 26

አምስተኛው አልጋ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ጸጥ ያለ ነው።

አንድ ያልጻፍኩት አለ።

ፊደል ያስተማረችኝ ሚስቴ ናት። ከመጋዙ የወደቀውን ብናኝ ጠረጴዛ ላይ በትና በጣቷ ትጽፍ ነበር። እኔ ከሥሩ እጽፋለሁ፣ ሰው ሲመጣ እፍ ብላ ታጠፋዋለች፣ እንዳላፍር። አርባ ዓመት ለማንም አልተናገረችም፣ ለልጃችንም።

ልትሞት ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ «እስቲ ጠርሙሱን አሳየኝ» አለችኝ።

«ማንበብ አትችልም ነው የምትይኝ?» አልኳት።

«አላልኩም።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ጠርሙሱን አንስቼ ከፍተኛው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። እንዳይወድቅ ብዬ ነው።

እንዳይወድቅ ብዬ አልነበረም።

ዓርብ 28

እሑድ ወደ ቤት ነው። ልጄ «ለጥቂት ቀን እንድታርፍ» ትላለች። እሺ አልኳት። ዛሬም ለሰባተኛው አልጋ ጠያቂዎች ያንኑ ወሬ አወራች፣ ማንኪያ ይዞ ሰዓት ይጠብቅ ነበር ብላ። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩ።

ይህን ደብተር ሰጥቻት ወደ ግድግዳ ብዞር ይቀላል። አስተማሪ ናት፣ ብርቱካን ልጣ ሳትጨርስ ታነበዋለች። አልሰጣትም። ያለብኝን ራሴ ነኝ የምከፍለው።

በሩ። ነገ ጠዋት። መፍቻ ተውሻለሁ። ወንበር ላይ ስወጣ ሰው ይያዘኝ።

ነርሷ። ስትጠይቀኝ ልኩን መናገር። ዛሬ አራት ነው አልኳት።

ያቺ «አነባለሁ» ብዬ ጠርሙሱን የቀማኋት። ታች መድኃኒት ክፍል አሁንም አለች አሉኝ። እሑድ ስወጣ በመስኮቷ በኩል አልፋለሁ። አነባለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው እላታለሁ፣ ወረፋ ቢኖርም።

ሾፌሩ። ካለ እሱን፣ ከሌለ ሚስቱን። አሥራ አንዱ ቀን አይከፈልም። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ልጄ። እሑድ፣ መኪና ውስጥ፣ ቤት ሳንደርስ። እናትሽ ያን ሁሉ የቻለችው መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም እላታለሁ። የቀረኝ ሳምንታት እንደሆነም አውቃለሁ እላታለሁ፣ እሷም ሸክሟን ታውርድ።

እሷ። «እስቲ አሳየኝ» ብላኝ ነበር። ጠርሙሱን አጥቤዋለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ነው። መቃብሯ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ አነብላታለሁ። በ። የ። 4።